በራሷ እጅ የሞላችው ቅጽ

ናያና ከምትኖርበት ክፍል እስከ ትልቁ የሴቶች ትምህርት ቤት በር መቶ ሰማንያ እርምጃ ነው። የቆጠረችው ራሷ ናት። ልጅ ሳለች ሁለት መቶ ስልሳ ነበር፤ አድጋ፣ አግብታ፣ የልጇን እጅ ይዛ ስትቆጥረው መቶ ሰማንያ ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ልጇ ሴኑሊም የራሷን ቆጥራ «ሁለት መቶ ሰባ አንድ!» ብላ ጮኸች። አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋት ነበር። እናትና ልጅ በቁጥሩ ተከራከሩ እንጂ እዚያ ሰፈር መኖራቸውን የሚጠራጠር ይኖራል ብለው አላሰቡም።

ቤቱ ኩሩኔጋላ ከተማ ውስጥ፣ ዝሆን ከሚመስለው ትልቅ ዓለት ግርጌ ነው። ዱሮ የአንዲት መምህርት ነበር፤ የናያና እናት የመምህርቷ ወጥ ቤት ሆና ስትኖር፣ ከማብሰያ ቤቱ ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ውስጥ ናያናን ወለደች። መምህርቷ ለናያና ሁለት ነገር አስተማሩዋት፤ አንዱ ቤት አያያዝ፣ ሌላው የእጅ ጽሕፈት። ናያና አሥረኛ ክፍል ድረስ የተማረችው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው ትንሹ ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያም በጽሕፈቷ ተሸልማለች። ፊደሏ እንደ ዶቃ የተሰካ፣ አንዱ ካንዱ የማይበልጥ ነበር። መምህርቷ ሲሞቱ ቤቱ ለልጃቸው ለሩዋን ደረሰ። ሩዋን መሐንዲስ ነው፤ ከሚስቱ ከሃርሻኒ ጋር ከከተማው አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ኮኮናት መሃል ባሠራው ባለ ፎቅ ቤት ይኖራል። የከተማው ቤት ተዘግቶ ቀረ። ናያናና ባጃጅ ነጂው ባሏ ጃያንታ ቤቱን እየጠረጉ፣ ግቢውን እየጠበቁ በኋለኛዋ ክፍል ተቀመጡ።

አሁን ነጥብ የሚባለውን ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ታሪኩ ሁሉ እሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ትልቁ ትምህርት ቤት የመንግሥት ነው፤ አይከፈልበትም። አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅም አይፈተንም። የሚፈተነው ቤቱ ነው። አሠራሩን ቁጭ ብሎ ላጤነው ሰው ጥበቡ የሚያስደንቅ ነው! ሁሉም ነገር በነጥብ ተከፋፍሏል፤ ድምሩ መቶ ይመጣል። የወላጆች ስም በዚያ ሰፈር የመራጮች መዝገብ ላይ አምስት ዓመት ሳይቋረጥ ከሰፈረ፣ ዓመት በዓመት ነጥብ አለው። የቤቱ ካርታ በስማቸው ከሆነ ነጥብ አለው። የመብራትና የውሃ ወረቀትም የራሱ ነጥብ አለው። በቤቱና በትምህርት ቤቱ መካከል ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከተገኘ ደግሞ ይቀነሳል፤ «ለምን እዚያ አትገቡም?» ለማለት ነው። ይህን ያወጣው ሰው በቅን ልቡ እንዳወጣው ያስታውቃል። ባለገንዘብ በገንዘቡ እንዳይቀድም፣ ሰፈርተኛው እንዲቀድም ብሎ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው። ነጥቡ ሰውየው የት እንደሚያድር አያይም፤ የሚያየው ወረቀቱ የት እንደሚያድር ነው።

የመራጮች መዝገብ የሚታደሰው በየዓመቱ ሰኔ ላይ ነው። የቀበሌው ሹም በሞተር ሳይክል እየዞረ ለየቤቱ አንዳንድ ቅጽ ያድላል፤ እዚያ ቤት የሚኖር ጎልማሳ ሁሉ ስሙ ይሞላበታል፣ አባወራው ወይም እማወራዋ ትፈርምበታለች፣ ሹሙ ተመልሶ ይሰበስባል።

ከስድስት ዓመት በፊት በአንዱ ሰኔ ሃርሻኒ ኬክ ይዛ መጣች። ነፍሰ ጡር ነበረች። ናያና እንደ እናቷ «ኖና» ነው የምትላት፤ እመቤቴ እንደማለት ነው።

«ናያና፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለች ሃርሻኒ። «ቅጹ ሲመጣ የኔንና የሩዋንን ስም እዚህ ቤት ላይ ሙይልን። ፈርሜበት ነው የምሄደው። የሹሙን ሞተር ስጠብቅ አልውልም፣ አንቺ ደግሞ ጽሕፈትሽ ያምራል።»

«እሺ ኖና። የኛስ? የኔና የጃያንታ?»

«እናንተማ የጃያንታ እናት ቤት አላችሁ አይደል? እዚያ ብትጻፉ አይሻልም? አንድ ቤት ላይ ስም ሲበዛ ዓይን ይበዛበታል።»

ናያና ክፉ ነገር አልታያትም። ያኔ ልጅ አልነበራትም። ጃያንታማ ነገሩን ወደደው። «ምርጫ በመጣ ቁጥር ፖልፒቲጋማ ሄደን የእናቴን የጃክ ፍሬ ወጥ በልተን እንመለሳለን። ምን ጎደለብን?» አለ።

ከዚያ በኋላ በየሰኔው ባዶው ቅጽ ከነሃርሻኒ ፊርማ ይቀመጥላታል። ናያና መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፣ ወረቀቱን ታቃናለች፣ በዚያ በተሸለመችበት ጽሕፈት የሁለት ሰው ስም ትጽፋለች። ከሥር ስድስት መስመር ባዶ ይቀራል። ሃርሻኒ ቪኑዲን በወለደች በአምስተኛው ወር ናያና ሴኑሊን ወለደች። ያኔም ነገሩን ከነገሩ አላገናኘችውም። በዚህ መልክ አምስት ሰኔ አለፈ።

*

የምዝገባው ዓመት ሲደርስ ናያና ማመልከቻ ይዛ ሹሙ ቢሮ ሄደች። የምትኖርበትን ሰፈር የሚመሰክር ወረቀት እንዲጽፍላት ነበር የፈለገችው።

ሹሙ መዝገቡን ገለጠና አንገቱን አከከ። «አካ» አላት፤ እህቴ ማለቱ ነው። «እኔ አንቺን ባውቅሽ ምን ዋጋ አለው? ጠዋት ጠዋት ቆሻሻ ስትደፊ አይሻለሁ። ባልሽም ባለፈው በባጃጁ ጭቃ ረጭቶብኛል፣ ገና አልረሳሁትም። መዝገቡ ግን አያውቅሽም። እስቲ ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?»

ከፋይሉ አምስት ቅጽ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። ናያና ቀና ብላ አላየችውም። ያ ዶቃ የመሰለ ፊደል አምስቴ ተደርድሮ ያያት ነበር።

«የኔ ነው።»

«እና በራስሽ እጅ ከጻፍሽው በላይ እኔ ምን ልጻፍልሽ? አምስት ዓመት ሙሉ ፖልፒቲጋማ ነሽ።»

ማመልከቻው ገብቶ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ለቃለ መጠይቅ እንኳ አልጠሯቸውም። ግን አንድ መንገድ ቀርቶ ነበር፤ ይግባኝ። ይግባኝ የሚሰሙት ሰዎች ከወረቀት ሌላ ምስክር መስማት ይፈቀድላቸዋል። ናያና ለሃርሻኒ ነገረቻት።

ሃርሻኒ ክፉ ሰው አይደለችም። ከልቧ ደነገጠች። «ውይ ናያና! የሴኑሊን ነገር እንዴት አላሰብነውም?» አለች። ከዚያም እንደ ባንክ ሠራተኛነቷ ነገሩን በቅደም ተከተል አስቀመጠችው። «ስሚኝ፤ አሁን ከተናገርን አንድ ቤት ላይ ሁለት ማመልከቻ ይሆንና ሁለቱንም ይጥሏቸዋል። መጀመሪያ የቪኑዲ ይለቅ። ከዚያ ለይግባኙ እኔ የቤቱ ባለቤት ሆኜ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። አብራችሁኝ እንደምትኖሩ እመሰክራለሁ። ቃሌ ነው። ብቻ የቤት ፍተሻው በሰላም ይለፍልን።»

የሴኑሊ ዕድል በቪኑዲ ዕድል ላይ የተንጠለጠለው እንዲህ ነው።

*

የቤት ፍተሻ ማለት፣ ነጥባቸው የሞላላቸው ሰዎች እውነት እዚያ መኖራቸውን ለማየት መምህራን ሳይታሰብ የሚመጡበት ነው። ሳምንቱ ይታወቃል፣ ቀኑ አይታወቅም። ቀላል ፍተሻ እንዳይመስላችሁ! የጥርስ ብሩሹ እርጥብ መሆኑን በጣታቸው ይነካሉ። የጋዝ ሲሊንደሩን ያነሱታል፣ ይከብዳል ወይስ ባዶ ነው? ፍሪጁን ከፍተው ያሸታሉ። የልጅ ጫማ ያገላብጣሉ፣ የሰፈሩ ጭቃ አለበት? አንዳንዴም ልጁን ለብቻው «ድመታችሁ የት ነው የምትተኛው?» ብለው ይጠይቁታል። ድመት ከሌለ ጎበዝ ልጅ «ድመት የለንም» ይላል። የተጠና ልጅ ቦታ ይፈጥርላታል።

ናያና ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ያህል ነበር። ስድስት ዓመት ያጸዳችውን ቤት ዞራ አየችና፣ ጉድለቱ ንጽሕናው እንደሆነ ወዲያው ገባት። ሰው የማይኖርበት ቤት እንዲህ ነው የሚያበራው። ስለዚህ ማቆሸሽ ጀመረች። ምድጃው ጥግ ላይ የኮኮናት ወተት ገንፍሎ እንዲደርቅ ተወችው። የሳሙናውን ማዕዘን አሟሟችው። የመብራት ማብሪያውን ዙሪያ በእጅ ላብ አጠቆረችው። የበሩ ሥር የተጣመመ የልጅ ነጠላ ጫማ ጣለች፤ የሴኑሊ ነበር። ግድግዳው ላይ የልጅ ሥዕል ለጠፈች፤ እሱም የሴኑሊ ነበር፣ ጥግ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ተቆርጦ ወጣለት። በማብሰያ ቤቱ በር መቃን ላይ የሴኑሊ ቁመት በየልደቷ በእርሳስ ተሰምሯል። ሃርሻኒ ስታየው በደስታ እጇን አጨበጨበች።

«ይሄ ወርቅ ነው! እንዳትነኪው!» አለችና ከእያንዳንዱ መስመር ጎን በራሷ እስክሪብቶ «ቪኑዲ» ብላ ጻፈች።

ጃያንታ በሩ ላይ ተደግፎ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆየ። «አንቺ ሴትዮ» አላት ሃርሻኒ ከሄደች በኋላ፣ «ሰው የሌለበትን ቤት ሰው ያለበት አስመሰልሽው። የቀረሽ ነገር ቢኖር እኛ ያለንበትን ሰው የሌለበት ማስመሰል ነው።»

«እሱም አልቀረም» አለች ናያና። «ጠዋት ጠዋት ሴኑሊን ፖዲ ማኒኬ ጋ እወስዳታለሁ።»

ፖዲ ማኒኬ ጎረቤት ያለች አሮጊት ልብስ ሰፊ ናት፤ የትልቁን ትምህርት ቤት ነጭ ቀሚስ አርባ ዓመት ስትሰፋ ኖራለች። ሴኑሊን ስትቀበላት አፏ ላይ መርፌ ነክሳ ነበር። «ነይ ግቢ፣ የኔ ስደተኛ» አለቻት። «ከመቶ ሰማንያ እርምጃ ተሰደሽ ነው የመጣሽው።»

የነሃርሻኒ ቤተሰብ የቪኑዲን ሕፃን እህት ይዞ እሁድ ከነሻንጣው መጥቶ ገባ። አራቱንም የወባ ትንኝ ሲበላቸው አደረ። ናያና ማታ ማታ ቪኑዲን ቤቱን አስጠናቻት። የትኛው ደረጃ እንደሚነቃነቅ፣ ቧንቧው ለምን በጨርቅ እንደታሰረ፣ የጎረቤት ውሻ ስሙ ሱዱ እንደሆነ ነገረቻት። ቪኑዲ ብልህ ልጅ ነበረች፣ ቶሎ ያዘችው። ሴኑሊ ጎኗ ቁጭ ብላ ስታርማት ነበር። «ያኛው ደረጃ አይደለም፤ ሦስተኛው ነው። አራተኛው አይነቃነቅም» ትላታለች።

*

መርማሪዋ የመጡት ሐሙስ ጠዋት ነው። ወይዘሮ ኤካናያኬ ይባላሉ፤ ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ጥግ ላይ አቆሙ፣ የተዘነጋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ቀስ እያሉ ቤቱን ዞሩት። ብሩሹን ነኩ። ሲሊንደሩን አነሱ። መቃኑ ጋ ቆመው መስመሮቹን ከታች ወደ ላይ አነበቡ፣ ቪኑዲን አስጠግተው ለኩዋት። ልጅቷ ከመጨረሻው መስመር አራት ጣት ትበልጣለች።

«ባንድ ዓመት በደንብ አድጋለች» አሉ።

«አመጋገቧ ጥሩ ነው» አለች ሃርሻኒ።

መርማሪዋ በርከክ አሉና ልጅቷን «ጠዋት ስትነቂ፣ ከአልጋሽ ሳትወርጂ መጀመሪያ ምን ትሰሚያለሽ?» ብለው ጠየቁዋት።

ይህን ማንም አላስጠናትም ነበር። ቪኑዲ አሰበችና በእውነት መለሰች። «ኤሲውን።»

የአየር ማቀዝቀዣውን ማለቷ ነው። በዚያ ቤት ያለው አንድ የጣራ ማራገቢያ ብቻ ነው፤ እሱም እንደታመመ ሰው እያቃሰተ ነው የሚዞረው። ሩዋን ሳል ያዘው። ሃርሻኒ «አክስቷ ቤት ስናድር ነው...» ብላ ጀመረች።

በዚህ መሃል ከአጥሩ ማዶ ደወሉ ተደወለ፤ ሦስት ጊዜ፣ ቀጥሎ አንድ። ሁለት ሺህ ልጃገረዶች የማለዳውን የትምህርት ቤት መዝሙር ጀመሩ። ከማብሰያ ቤቱ በር ደግሞ አንድ ቀጭን ድምፅ ተቀበላቸው።

ሴኑሊ ነበረች። መዝሙሩን በየጠዋቱ ማብሰያ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነው የምትዘምረው፤ አፍ ከፈታች ጀምሮ። ሦስቱን ቀን ፖዲ ማኒኬ ከረሜላ እየሰጠች ያዘቻት፤ በአራተኛው ቀን አሮጊቷ ቁልፍ ስትፈልግ አምልጣ ወደ ቦታዋ መጣች። ሁለተኛውን አዝማች፣ ሴት ልጆቹ ራሳቸው የሚሳሳቱበትን፣ ሳትሳሳት ዘመረችው።

ወይዘሮ ኤካናያኬ እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ከዚያ «ይህች ልጅ ማን ናት?» አሉ።

«የናያና ልጅ ናት፤ የቤት ጠባቂያችን» አለች ሃርሻኒ ፈጠን ብላ። «አያቷ ጋ ነው የምትኖረው። ልትጠይቅ መጥታ ነው።»

«እናቷን ነው የምጠይቀው። ልጅሽ እዚህ ነው የምትኖረው?»

ናያና ሃርሻኒን አላየችም። ደብዳቤውን ነው ያየችው፤ ገና ያልተጻፈውን፣ ቪኑዲ ስትገባ የሚጻፈውን። አዎ ብትል ዛሬ እዚህ የሚፈርሰው ሁሉ ያን ደብዳቤ ይዞ ነው የሚፈርሰው።

«አትኖርም፣ ሚስ» አለች። «አያቷ ጋ ናት። እኔን ልትጠይቅ ነው የመጣችው።»

«መዝሙሩንስ?»

«ልጅ ናት፤ የሰማችውን ቶሎ ትይዛለች።»

መርማሪዋ ደብተራቸውን ገልጠው ቃል በቃል ጻፉት። ሴኑሊ እጇን ከደረቷ ላይ አላወረደችም ነበር፤ እናቷን ትክ ብላ ታያታለች። መርማሪዋ ሲወጡ «እማ፣ እኔ ቤቴ አያቴ ጋ ነው?» አለቻት።

«ለዛሬ ብቻ ነው የኔ ልጅ» አለች ናያና።

*

ቪኑዲ ገባች። ስሟ በር ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ላይ ወጣ። ሃርሻኒም ቃሏን ጠበቀች፤ በዚያው ሳምንት ደብዳቤውን ጻፈች። ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ናያና፣ ባሏና ልጃቸው በግቢዋ ውስጥ ለዓመታት እንደኖሩ፣ ልጅቷም እዚያው እንዳደገች የሚገልጽ ነው። ናያና ሴኑሊን ነጭ ሪባን አስራላት ለይግባኙ ወሰደቻት።

ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት ወይዘሮ ኤካናያኬ ናቸው። ደብዳቤውን አንብበው አስቀመጡት፣ ከቦርሳቸው ደብተራቸውን አውጥተው ከጎኑ ገልጠው አኖሩ።

«ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «ደብዳቤው ልጅቷ እዚያ ትኖራለች ይላል። እርስዎ ደግሞ አትኖርም ብለውኛል። የትኛውን ልያዝ?»

ናያና ከደብዳቤው ወደ ደብተሩ አየች።

«ቀስ ብለው ያስቡበት። ያን ቀን ዋሽተውኝ ከሆነ ይንገሩኝ፣ እጽፈዋለሁ። ግን ለምን እንደዋሹኝም መጻፍ ይኖርብኛል። በዚያ ቤት በእውነት ማን እንደሚኖርም እንደገና እጠይቃለሁ።» እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ።

የሚያውቁ ይመስል ነበር። ምናልባት ከኤሲው ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ግን ማወቅም ወረቀት ይፈልጋል።

ናያና ያን ጊዜ ያሰበችውን አንድ በአንድ ማስቀመጥ ይቻላል። ዋሽቻለሁ ብትል ቪኑዲ ትሰረዛለች። የቪኑዲ ቦታ ግን ለሴኑሊ አይሰጥም። በተጠባባቂው ዝርዝር ላይ ካሉት ለመጀመሪያዋ ነው የሚሰጠው፣ ናያና ለማታውቃት ልጅ። የሴኑሊ አምስት ዓመት መዝገብ ያው ባዶ ነው፤ እውነት ቢነገርም ባዶውን አይሞላውም። ክፍላቸውም ትሄዳለች፤ ከክፍሏ ጋር ጃያንታ ባጃጁን የሚያቆምበት ግቢም ይሄዳል። አልዋሸሁም ብትል ደግሞ የሴኑሊ ነገር እዚሁ ያልቃል። በሁለቱም መንገድ ሴኑሊ አትገባም። ልዩነቱ ማታ የት እንደሚያድሩ ብቻ ነው።

«ያን ቀን ያልኩት ነው ልክ» አለች።

«ልጅቷ እዚያ አትኖርም?»

«አትኖርም።»

ጎኗ የተቀመጠችው ሴኑሊ የሪባኗን ጫፍ ይዛ ታጠነጥነው ነበር። ማጠንጠኗን አቆመች።

*

ጥር ላይ ሴኑሊ እናቷ ወደተማረችበት፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወዳለው ትንሹ ትምህርት ቤት ገባች። አንደኛ ክፍል አሥራ አራት ልጆች ናቸው። ሁለተኛ ክፍልም እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ሁለቱንም የምታስተምረው ሚስ ኒሉሻ የምትባል ወጣት ናት፤ አንዱን ሰሌዳ ጽፋ ሳትጨርስ ወደ ሌላው ትሮጣለች። ትጉህ ናት፤ ግን አንድ ናት።

በሦስተኛው ሳምንት ናያናን አስጠራቻት።

«አካ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ልጆቹን የት እንደሚኖሩ እያስነገርኳቸው ነበር። ያንቺዋ ፖልፒቲጋማ ነው የምኖረው አለችኝ። እዚህስ ምን ትሠሪያለሽ ስላት፣ ልጠይቅ መጥቼ ነው አለች። እያሾፈችብኝ መስሎኝ ነበር። ግን በማግስቱም እሱኑ ደገመችው። መቼ ነው የምትመለሺው ስላት ደግሞ፣ እማ ስትለኝ አለች።»

 «ትስተካከላለች» አለች ናያና። ማን እንደሚያስተካክላት አልተናገረችም።

የነሃርሻኒ ቤተሰብ ወደ አሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ተመልሷል። ቪኑዲ ጠዋት በመኪና ትመጣለች፤ ከትምህርት ስትወጣ ናያና በር ላይ ተቀብላ ታመጣታለች፣ እናቷ ከባንክ እስክትወጣ ሩዝና ምስር ታበላታለች። ሁለቱ ልጆች አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ቪኑዲ አንድ ቀን መዝሙሩን ስትለማመድ ሁለተኛው አዝማች ላይ ተሳሳተች። ናያና ሴኑሊ ታርማታለች ብላ ጠበቀች። ሴኑሊ ሳህኗ ላይ አቀርቅራ ምስሩን ለየች። ጠዋትም ደወሉ ሲደወል ማብሰያ ቤቱ ደረጃ ላይ መቆም ትታለች።

ሰኔ መጣ፤ ቅጹም መጣ። ሃርሻኒ እንደ ልማዷ ፈርማበት ሄዳ ነበር። «ያው እንደ ዱሮው ናያና» ብላ ነበር። «ትንሿ ልጄ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ለትምህርት ትደርሳለች።»

ያን ቀን ሚስ ኒሉሻ ለስብሰባ ተጠርታ ስለነበር ሴኑሊ ቀደም ብላ ነበር የገባችው። ናያና መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሁለቱን ስም ጽፋ እንደጨረሰች ልጇ በክንዷ ሥር ራሷን አስገባች። በዚያ አንድ መምህር ባላት ክፍል ውስጥ ማንበብ ተምራለች። ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ለቀመችው። «ሩ... ዋን። ሃር... ሻ... ኒ።» ጣቷ ወደ ታች ወረደ። ባዶዎቹን መስመሮች ቆጠረች። «ስድስት ቦታ ቀርቷል» አለች። «እማ፣ አንቺ የለሽበትም።»

ናያና ፊርማውን አየችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ፊርማው ቀድሞ እንደተቀመጠላት፣ ከሱ በላይ የፈለገችውን መጻፍ ትችል እንደነበር ያን ጊዜ ነው የታያት። ማንም እጇን አልያዘም ነበር። እስክሪብቶውን አነሳችና በሦስተኛው መስመር ላይ የራሷን ስም፣ በአራተኛው ላይ የጃያንታን ጻፈች። ፊደሎቹ እንደ ወትሮው ዶቃ አልሆኑም፤ ተጣመሙ። ሃርሻኒ ስታውቅ ምን እንደምትል አላወቀችም። ነጥቡም ቢሆን ለሴኑሊ አይደርስም፤ አምስት ዓመት ሲሞላ ልጅቷ አሥር ዓመት አልፏታል።

«አንብቢው» አለቻት።

«ና... ያ... ና» አለች ሴኑሊ። «ጃ... ያን... ታ።» ቀና አለች። «እኔስ?»

«ልጆች እዚህ ላይ አይጻፉም። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላሽ ነው።»

ሴኑሊ ነገሩን በጥሞና አሰበችበት። «እስከዚያ የት ነው የምኖረው?»

 ከአጥሩ ማዶ የመውጫው ደወል ተደወለ፤ ሦስት ጊዜ፣ ቀጥሎ አንድ። ዝናቡም ጀምሮ ነበር። ናያና ሹሙ መጥቶ እስኪሰበስበው ቅጹን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችና ጃንጥላውን ይዛ ቪኑዲን ልትቀበል ወጣች።